እኔስ የማን ነኝ?

«ልጅቷን አውጪና ለአባቷ እንስጣት፤ ለቅሶው በሰላም ይለቅ» አሉ አጎቷ፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ጆሮ ጠጋ ብለው።

ልብስ ሰፊዋ እናቷን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሳሎኑ በለቀስተኛ ጢም ብሏል፤ ወንዶቹ በመስኮቱ በኩል፣ ሴቶቹ በጓዳው በር በኩል ተቀምጠዋል። ጓዳው ውስጥ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ አለች። አባቷ የመረጠላትን ሰው አላገባም ብላ ከቤት ከወጣች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ያስጠጋቻት ሟቿ ነበረች።

«ሸንጎው ወስኗል። አባቷ ደጅ ቆሟል፤ ለቅሶ ቤት ሆኖበት ነው እንጂ ገብቶ ይወስዳት ነበር።»

«ልጅቷ ተጠይቃለች?»

«ልጄ፣ ይህን ሸንጎ ያቋቋመችልን እናትሽ ናት። አፈሯ ሳይደርቅ አታፍርሺባት።»

ነገሩ እውነት ነበር።

እናቷ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበረች። የሰፈሩ ሰው ከሩቅ አገር ተሰዶ እዚህ ከተማ ሲሰፍር፣ የዳኞቹን ቋንቋ የሚያውቅ ከእሷ በቀር አልነበረም። ስሙን እንኳ አስተካክሎ የሚጠራለት አጥቶ የተፈረደበት ስንቱ ነው! ሰባት ዓመት ሙሉ የማዘጋጃ ቤቱን ደረጃ ወጣች፣ ወረደች። «ትዳራችንንና ውርሳችንን በገዛ ቋንቋችን፣ በገዛ ሽማግሌዎቻችን እንዳኝ» አለች። ተፈቀደላት። የዚያን ቀን ሰፈሩ በደስታ ሰከረ።

ሸንጎው መጀመሪያ ያየው ጉዳይ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበር። ቤቷን ለባሏ ወንድም ፈረዱለት። ሴትየዋ ደጅ ቆማ ፍርዷን ከመንገደኛ አፍ ሰማች። የልብስ ሰፊዋን እናት ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። በማግስቱ ከቤቷ ወንበር ተሸክማ ሄደችና ሽማግሌዎቹ መሃል ተቀመጠች።

«ሴት እዚህ አትቀመጥም» አሏት።

«ለምን?»

«ባህል ነዋ!»

«የማን?»

«የኛ ነዋ።»

«እኔስ የማን ነኝ?»

አልተነሳችም። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ወንበሯን ተሸክማ ትሄድ ጀመር። ሰዉም «ባለወንበሯ» ብሎ ስም አወጣላት። ወንድሟ፣ የሸንጎው ሰብሳቢ የሆኑት እኚሁ አጎት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አኮረፏት።

ልብስ ሰፊዋ ለአጎቷ መልስ ሳትሰጥ አንዲት ጠበቃ ገባች። የከተማው ተወላጅ ናት፤ ከሟቿ ጋር በሥራ ይተዋወቁ ነበር። አጽናናቻትና ጥቂት ቆይታ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። የምትናገረው በከተማው ቋንቋ ስለሆነ አጎቷ አይገባቸውም፤ ዓይናቸው ብቻ ከአንዷ ወደ አንዷ ይመላለሳል።

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሸንጎው እንዲዘጋ ልናመለክት ነው። በእናትሽ ፈንታ አንቺ ፈርሚልን። ይህ ባህላችሁ እስካለ ድረስ ሴቶቻችሁ ነፃ አይወጡም።»

«ሸንጎው ሲዘጋ ይቺ ጓዳ ያለችው ልጅ በማን ቋንቋ ነው የምትናገረው? የሚተረጉምላት ሰው እንደሆነ ቀብረነዋል።»

«ታዲያ ዝም ልትይ ነው?»

«ማን ዝም አለ?»

ብድግ አለች። አሁን የምትናገረው በሰፈሩ ቋንቋ ነው፤ ሁሉም ሰማት።

«አጎቴ፣ እውነትዎን ነው፤ ሸንጎውን ያቋቋመችው እናቴ ናት። ያቋቋመችው ግን አፋችን እንዲፈታ ነው፤ የወንዶቹ አፍ ብቻ አይደለም። ልጅቷ ያልተናገረችበት ፍርድ የኛ ፍርድ አይደለም። የእርስዎ ነው!»

«ኧረ በለቅሶ ቤት!» አለ ከመስኮቱ በኩል አንድ ድምፅ።

«ለቅሶው የኔ ነው» አለችና የጓዳውን በር ከፈተች።

ጫጫታውን ሰምቶ ዳቦ ጋጋሪው ገባ፤ እጅጌው ዱቄት እንደለበሰ ነው። ልጁ ጓዳው ደፍ ላይ ቆማለች።

«አባዬ፣ ጋግሪ ካልከኝ እስክሞት እጋግራለሁ። ያንን ሰውዬ ግን አላገባም። ሸንጎው ፊት ልቁም፤ በገዛ አፌ ልናገር።»

አባቷ ወደ እሷ ተራመደ። ይኼኔ አፏ ስለማያርፍ ሰፈርተኛው «ሬዲዮ» የሚላት ጎረቤት ወንበሯን እየጎተተች መጥታ በሁለቱ መሃል ተቀመጠች።

«ጉልበቴን ያመኛል፤ እዚህ ይሻለኛል። ማለፍ የፈለገ ተሸክሞኝ ይለፍ።»

አንዷ ሳቋን ዋጠች። ሌላዋ ተነስታ ከሬዲዮ ጎን ቆመች። ሦስተኛዋም ተከተለች፤ ከዚያ ቆጣሪ አልነበረም። ዳቦ ጋጋሪው አጎቷን አየ።

«ሰኞ» አሉ አጎቷ በመጨረሻ። «ሰኞ ትቅረብ። እሷው ትናገር።»

ዳቦ ጋጋሪው በሩን ወርውሮት ወጣ። አጎቷም ባርኔጣቸውን አንስተው፣ ቀና ብለው ሳያዩዋት ተከተሉት። ልብስ ሰፊዋ አሸነፍኩ አላለችም። ሰኞ ሌላ ጣጣ ነው።

ጠበቃዋ ወረቀቷን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰች። «እኔስ ምን ላድርግ?»

«ሰኞ ነይና አዳምጪ። ስትጠየቂ ተናገሪ። እስከዚያው ግን ልጅቷን ማንም በግድ እንዳይወስዳት ለፍርድ ቤት የሚጻፍ ነገር ካለ፣ እሱን አምጪ።»

ጠበቃዋ ፊቷ ቀላ፤ ግን ቅጹን አመጣችው። ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሲሳሳ ልብስ ሰፊዋና ልጅቷ ጠረጴዛው አጠገብ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ከቤት የወጣሽበት ምክንያት ይላል። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ልጅቷ አሰበች። «አባቴን ጠልቼው አይደለም በይልኝ፣ እትዬ። ሆዴ ባሰኝ በይ።»

ልብስ ሰፊዋ በከተማው ቋንቋ አንድ ቃል አሰበች፤ ተወችው። ሌላ አሰበች፤ እሱም አልሆን አላት። ከዚያ ሳታስበው ቀና ብላ ወደ እናቷ መኝታ ቤት ተጣራች።

«እማዬ! ሆድ መባስን በነሱ ምን ይሉታል?»

ሬዲዮ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አነሳች።

ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ወደ ወረቀቱ አጎነበሰችና «ሆዴ ባሰኝ» ብላ፣ እንዳለ፣ በራሳቸው ፊደል ጻፈችው።