አንድ ዋጋ ለሁሉም

በሰፈራችን ውሃ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። የቧንቧው መስመር ከደረቀ ወዲህ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ሞተር ገጥሞ የሁላችንንም ጉሮሮ ያዘ። ባለጉድጓዱ እንለዋለን፤ ከጀርባው ደግሞ ሌላም እንለዋለን።

የሱ ሚዛን ዓይኑ ነው። በሩ ላይ ተቀምጦ ከጫማሽ እስከ ጆሮሽ ያይሻል፣ ከዚያ ዋጋ ይቆርጥልሻል። ስለዚህ ሴቱ ሁሉ ጉትቻውን አውልቆ፣ ያለቀ ጫማ ተጫምቶ ነው የሚሰለፈው። እኔ ማስመሰል አያስፈልገኝም፤ ባሌ ሞቶብኝ፣ የሰው ልብስ ቤቴ እያጠብኩ ሁለት ልጆች የማሳድግ ነኝ። ቢሆንም ችግሬን እንደ አዲስ ሳያስወራኝ አይቀዳልኝም። "ልጆቹስ? የቤት ኪራዩስ?" ይላል፣ አዛኝ ቅቤ አንጓች። ከዚያ በግማሽ ዋጋ ይቀዳልኛል። እያረርኩ እመርቀዋለሁ።

ታናሽ እህቴ ግን ባለመኪና መሐንዲስ ስላገባች እጥፍ ትከፍል ነበር። ባሏ እሳት የላሰ ነው። "ያው ውሃ፣ ያው ጀሪካን! ይሄ ዘረፋ ነው!" ብሎ ሰፈሩን ሰበሰበ። እውነቱን ነው፤ እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። አንድ ዋጋ ሲባል የኔው ዋጋ መስሎኝ! ለካ ጎኔ የተቀመጠችው ባለሱቅም የራሷን እያሰበች ነበር የምታጨበጭበው። ስንት ይሆናል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ባለጉድጓዱ አልተከራከረም። በማግስቱ አንድ ዋጋ በሩ ላይ ለጠፈ። ለእህቴ ቀነሰ፤ በኔ ላይ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ማለት ይሄ ነው።

"ጋሼ፣ ለኔ እንኳ እንደ ድሮው ያድርጉልኝ" አልኩት።

"እኔ ምን ላድርግ፣ የእህትሽ ባል ነው እጄን ያሰረኝ። ላንቺ ብቀንስ ነገ ይከሰኛል።"

"ውሃው እኮ ተርፎዎታል! እስኪመሽ ይሠራ የነበረው ሞተር አሁን ገዥ አጥቶ በቀትር ይጠፋል።"

"ይትረፋ! ለእናንተ ብዬ ለሁሉም ባወርደው የምከስረው እኔ ነኝ።"

በዚያ ዋጋ ባጥብ ለሳሙና እንኳ አይተርፈኝም። ደንበኞቼን አንድ በአንድ መለስኩ። ያኔ እህቴ መጣች።

"እትዬ፣ ለምን እኛ ጋ መጥተሽ አታጥቢም? ውሃው ረክሶልን በሽ በሽ ነው፤ የድካምሽን እንከፍልሻለን።"

ክፋት የላትም። የባሰውም ይኸው ነው።

አሁን አዝዬ ያሳደግኳት እህቴ ግቢ ውስጥ የባሏን ሸሚዝ አሻለሁ። እሱም ሲያልፍ ደስ ብሎት "አየሽ፣ ሁላችንም እኩል ሆንን" ይለኛል። እኔም ሸሚዙን ጠበቅ አድርጌ እጨምቃለሁ።

ትናንት ጎረቤታቸው መጣች። የተሰጣውን አንሶላ እየዳበሰች እህቴን "እንዴት ነው የጸዳው! ይቺ ሴትዮ እኛም ቤት ትመጣልኝ ይሆን?" አለቻት።

እህቴ ፊቷ ቀላ። "እህቴ ናት" ትላለች ብዬ ጠበቅኩ።

"እጠይቅልሻለሁ" አለቻት። አጠገቧ ቆሜ ነበር።