ስም በስም

ኮምፒዩተሩ የደም ለጋሾቹን ስም አንድ በአንድ ያያል ብዬ ነበር ጋሽ ፋንታሁንን ያስረዳኋቸው። የሆስፒታላችን የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ጥቂት ቆይተው መሳቢያውን ሙሉ ተሸክመው መጡና ካርዶቹን በኮምፒዩተሩ መስተዋት ፊት ይደረድሩ ጀመር። አፈርኩ። ባለፈው ክረምት ሁሉንም ስም ኮምፒዩተሩ ውስጥ በላቲን ፊደል እንዳስገባሁ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው።

«ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ፤ ወገቤ ተቆረጠኮ» አሉኝ።

ከኮሶዬ የመጣች ብርቄ የምትባል ወላድ ደሟ አልቆም ብሎ ነበር። ኦ ኔጌቲቭ ናት። የባሏ የቢሻው ደም አልገጠመም፤ ሐኪሙም ቢያንስ ሁለት ከረጢት ያስፈልጋል ብለዋል። ካርዶቹ የተቀመጡት በስም ተራ ነው። ስም ይዞ ደም መፈለግ ቀላል ነው፤ ደም ይዞ ስም ለሚፈልግ ግን ሁሉንም ማገላበጥ ነው።

ኮምፒዩተሩ ውስጥም እያንዳንዱ ስም ከደሙ ዓይነት ጋር ተጣምሯል። አጭር ትእዛዝ ጻፍኩ፦ በሰንጠረዡ ላለ ለእያንዳንዱ ስም፣ ደሙ ኦ ኔጌቲቭ ከሆነ፣ ስሙን አውጣ።

ስሞቹ በፊደል ተራ አልወጡም፤ እኔ ባስገባሁበት ቅደም ተከተልም አልወጡም። ማሽኑ በራሱ መንገድ ይዞራል፤ ማንንም ግን አይዘልም። ጋሽ ፋንታሁን የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደደረሰ ሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አብዛኞቹ የዘመቱ ወታደሮች ነበሩ። ከተማ ውስጥ የቀሩት ሁለት ሴቶች ናቸው፦ ይመኙሽ፣ ፒያሳ ካለው የልብስ ሰፊዎች ማኅበር፤ እና ወለተ ሚካኤል፣ የአባት ስም የሌላት፣ መኖሪያዋ በአዘዞ መንገድ። ጋሽ ፋንታሁን ከሾፌሩ ጋር ወጡ። ሲመለሱ አብራቸው የነበረችው አንገቷ ላይ ሜትር ያንጠለጠለች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

«ሌላዋስ?» አልኩ።

«ሁለቱም እሷ ናት።»

እትዬ ይመኙሽ እጅጌዋን እየጠቀለለች ነገረችኝ። መጀመሪያ ቀበሌ የማኅበሩን ሴቶች ሰብስቦ ሲያመጣ በመዝገብ ስሟ ደም ሰጠች። በሁለተኛው ጊዜ ማንም አልጠራትም፤ የታመመ ልጅ አለ ሲባል ሰምታ በገዛ እግሯ መጣች።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያን የሰጠሁት ለእግዚአብሔር ነው፤ በክርስትና ስሜ» አለች።

ከማሽኑ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ነገር በዚያ ቀን አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።  ቢሻው ግን በሩ ላይ ቆሞ ሁለቱ ለጋሾች ተገኙ ወይ ብሎ ጠየቀ። መሬት መሬት ሳይ እትዬ ይመኙሽ ምን እንደጎደለ ጠየቀችኝ፤ አንድ ከረጢት ደም እንደሆነ ነገርኳት።

«መለሰ የሚባል ወንድም አለኝ። የአንድ እናት ልጆች ነን፤ እስቲ ይሞከር። እሱን ማን ጠይቆት ያውቃል?»

እውነት ነው፤ ማሽኑ የዞረው በነገርኩት ስም ላይ ብቻ ነው። ጋሽ ፋንታሁን ሾፌሩን «መኪናዋን እንዳታጠፋ» ብለው ሮጡ።

የመለሰ ደም ገጠመ። ብርቄ ሁለቱንም ከረጢት ወሰደች፤ ከቀትር በኋላ መድማቷ ቆመ። በሳምንቱ ቢሻው ሚስቱንና ልጁን ይዞ በደባርቅ አውቶቡስ ወደ ኮሶዬ ሄደ።