የእንድርያስ ምስክርነት

ገመዳ ሰውን የማናገር ስጦታ አለው ይባል ነበር። ቀበና ወንዝ አጠገብ በነበረች ትንሽ የወንጌል አማኞች ጉባኤ ወጣቶችን ሲያገለግል ኖሮ፣ ጉባኤዋ በሽማግሌዎች ጠብ ለሁለት ስትከፈል ከሁለቱም ሳይሆን ቀረ። አንደኛው ወገን የእነዚያ ሰው ነህ አለው፤ ሌላኛውም እንዲሁ። ዕድሜው ሠላሳን አልፏል፣ ከማገልገል በቀር የሚያውቀው ሥራ የለም። የእህቱ ባል ጣውላ ይሸጥ ነበርና እየጫንክ ብላ ብሎ አስጠጋው። ገመዳ አንድ ክረምት ጣውላ ጫነ። ትከሻው ተላጠ፤ እሱን ቻለው። ያልቻለው ሌላ ነው። ትናንት "ወንድም ገመዳ" እያሉ የሚነሱለት ልጆች ጣውላ ተሸክሞ ሲያዩት መንገድ ይቀይሩ ጀመር።

ጊዜው ኮብልስቶን በየሰፈሩ የሚነጠፍበት፣ "ራእይ" የሚለው ቃል በየግድግዳው የሚለጠፍበት ነበር። ጉርድ ሾላ ላይ፣ ከአንድ ፎቅ አናት፣ ኤልቃና የሚባል ሰው የወጣቶች ሕይወት አሰልጣኞችን የሚያሠለጥን ቤት ከፈተ። ኤልቃና ናይሮቢ ሄዶ አጭር ኮርስ ወስዶ የመጣ፣ ሱፉ ልክክ ያለ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነው። ሥራውን "ላይፍ ኮቺንግ" ይለዋል። የተመዘገቡት አብዛኞቹ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ነበሩ። ከሰልጣኞቹ በልጦ የተገኘውን አንድ ሰው ቤቱ በደመወዝ እንደሚያስቀረው ኤልቃና በመጀመሪያው ቀን ተናገረ። ገመዳ ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ በዚህች አንድ ወሬ በኩል ነው የሰማው።

ትምህርቱ ከባድ አልነበረም። አማካሪ ይመክራል፤ ኮች ግን ጠይቆ ዝም ይላል። ዝምታው ሲከብደው ሰውየው ራሱ ይናገራል። ሰልጣኞቹ ወንበር አጋጥመው ሲለማመዱ አብዛኞቹ ዝም ማለት እያቃታቸው በመሀል ምክር ይጥሉ፣ ጥቅስ ይጠቅሱ ነበር። ገመዳ ግን ዝም ማለት ይችልበታል። አንገቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ከሰውየው ሳይነቅል፣ የተጠየቀው እስኪዘረገፍ ይጠብቃል። ኤልቃና በሌሎቹ ፊት አሞገሰው። ከእሱ የማታንስ አንዲት መሠረት የምትባል የባንክ ሠራተኛ ነበረች፤ ቦታው ከሁለቱ እንደማያልፍ ሁሉም ያውቃል።

መጨረሻው ፈተና እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሰልጣኝ ከሰፈር አንድ ወጣት ፈልጎ ሲያማክረው ይከርማል፤ በምረቃው ቀን ወጣቱ በእንግዶች ፊት ቆሞ የተለወጠ ሕይወቱን በራሱ አፍ ይናገራል። ለገመዳ ወገኖች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በጉባኤያቸው የዳነ ሰው ይመሰክራል፤ ሰርቄ ነበር ይላል፣ ሰክሬ ሚስቴን እደበድብ ነበር ይላል። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ያለቅሳል፣ ያቅፈዋል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ገመዳ ያደገው በዚህ ነው። ኃጢአትን ለአንድ ቄስ ጆሮ ብቻ ተናግሮ የሚኖር ሕዝብ መኖሩን ያውቃል፤ ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ ግን አስቦበት አያውቅም።

ገመዳ ያገኘው ወጣት እንድርያስ ይባላል። ቀበና ድልድይ አጠገብ ኮብልስቶን የሚጠርብ፣ አሥረኛ ክፍል ወድቆ የቀረ ልጅ ነው። ቤቱ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሰፈር ነውና ጠዋት በእግሩ ይወርዳል፣ ማታ በእግሩ ይወጣል። ከሥራ ሲወጣ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ብዙ ጊዜ ስለ ኳስ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ገመዳ ስትተኛ የሚመጣብህ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀውና ዝም አለ። ልጁ ጠጠር እያነሳ ወንዝ ውስጥ ወረወረ። ገመዳ ጠበቀ። ጠጠሩ በአቅራቢያው ሲያልቅ ልጁ ተናገረ።

እናቱ ደብሪቱ የምትተዳደረው ከባሕር ዛፉ ደን ቅጠልና ጭራሮ ለቅማ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ፈረንሳይ ሰፈር ድረስ ወርዳ በመሸጥ ነው። ደኑ ይጠበቃል። ጠባቂ ለቃሚዎቹን ከያዘ ማሰሪያቸው ይቆረጣል፣ ሸክማቸው ይወሰዳል፣ ዱላም አለ። ስለዚህ የሰፈሩ ሴቶች በየጊዜው የሚወርዱበትን መንገድ ይለዋውጣሉ። ከበበ የሚባል ጠባቂ እንድርያስን ጠርቶ፣ መንገዳቸውን ብታሳየኝ ጥበቃ አስቀጥርሃለሁ አለው። ልጁ ሥራ ፈትቶ ከቤት የዋለበት ወቅት ነበር። እናቱ ታማ የተኛችበትን ቀን ጠብቆ ነገረው፤ የሌሎቹ ሸክም ተወስዶ የሚያበቃ መስሎት ነበር። እናቱ ግን እሱ ከቤት ከወጣ በኋላ ታናሽ እህቱን የማርያምወርቅን በእሷ ፈንታ ልካት ኖሯል። ጠባቂዎቹ ሲወጡባቸው ሴቶቹ ተበተኑ። ጎረቤታቸው ብዙነሽ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ፤ እስከ ዛሬ አልተቃናም። የማርያምወርቅ ከነሸክሟ ገደል ገባች። ሲያነሷት ሞታለች፤ አንገቷ አይቆምም ነበር። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ጠቋሚ አለ አለ፤ ማን እንደሆነ ግን አልታወቀም። ሥራውም አልመጣም።

ለማን ነግረሃል ብሎ ገመዳ ጠየቀ። ለነፍስ አባቱ ለአባ ወልደ ኢየሱስ ብቻ ነበር የነገራቸው። ቀኖና ሰጡት፤ ጾመ፣ ሰገደ። ከእኔ ጋር ይቀበራል አሉት፤ ከዚያ ወዲህ ሲገናኙ ስለዚያ ነገር ተንፍሰው አያውቁም።

"ጋሼ፣ እዚህች ድንጋይ ላይ ይቅር" አለ ልጁ።

ገመዳ በእግዚአብሔር ስም ማለለት።

ወደ ቤቱ ሲሄድ አለቀሰ። እያለቀሰ ግን እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ልጅ መሠረት እንደሌላት አሰበ። በማግስቱ ስሙን ሳይጠራ ለኤልቃና ነገረው። ኤልቃና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይህ ልጅ ቆሞ ከተናገረ ቦታው ያንተ ነው አለው። ገመዳ መማሉን ገለጸ።

"መሐላው የሚጠብቀው ልጁን ነው፣ አንተን?" አለ ኤልቃና፤ መልሱንም ዝም ብሎ ጠበቀ።

ገመዳ ወደ ወንዙ ወረደ። ልጁንም ስለ ትምህርትህና ስለ ድንጋይ ሥራህ ብቻ ትናገራለህ ብሎ አግባባው። ቀጥሎ እንጦጦ ወጣ። የወላጅ እንባ ከሌለ እንግዳው ልቡ አይነካም ብሎታል ኤልቃና። ደብሪቱ ቤት የነበረችውን አንዲት ዱካ ጠርጋ አስቀመጠችው፤ መምህር ነው ብላ እርስዎ እያለች አነጋገረችው። በልጇ ምክንያት ማንም ለክብር ጠርቷት አያውቅም። ጎረቤቶቼንስ ይዤ ብመጣ ብላ ጠየቀች። ገመዳ ቢመጡ ደስ ይለናል አለ።

ምረቃው የዋለው ቅዳሜ ነው፤ ሑዳዴ ገብቷል። አዘጋጆቹ ጾም መሆኑን አላሰቡትምና ለእንግዳው ኬክና የሥጋ ሳንድዊች አዞሩ። የእንጦጦ ሴቶች በአንድ ረድፍ ተቀምጠው የተሰጣቸውን ሳህን በጭናቸው ላይ ይዘው ቀሩ። መመለስ ነውር፣ መብላት ኃጢአት ሆኖባቸው፣ እየተያዩ በነጠላቸው ጫፍ ይስቁ ነበር። ብዙነሽ ደብሪቱን በክርኗ እየነካች፣ ልጅሽ ዛሬ ሚኒስትር ሊሆን ነው መሰል ትላታለች።

መጀመሪያ መሠረት ያማከረቻት ልጅ ቆመች። ከጫት እንዴት እንደተላቀቀች ስትናገር አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ከረጂ ድርጅት የመጡት እንግዶች ሳይቀሩ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ እንድርያስ ወጣ። ስሙን ተናገረ። አሥረኛ ክፍል መውደቁን፣ ተስፋ ቆርጦ እንደነበር፣ አሁን ድንጋይ እየጠረበ በማታ ለመማር ማሰቡን ተናገረ። ጋሽ ገመዳን አመሰግናለሁ ብሎ አበቃ። ጥቂት ሰው አጨበጨበ። ኤልቃና ከፊት ረድፍ ዞሮ ገመዳን አየው፤ ቀጥሎ መሠረትን አየ።

ገመዳ ተነሥቶ መድረክ ላይ ወጣ። ልጁን ትከሻው ላይ ያዘው።

"ስትተኛ የሚመጣብህን ንገራቸው" አለው።

ገመዳ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጠበቀ። ልጁ እናቱን አየ፤ ፈገግ እንዳለች ነበር። ወደ ገመዳ ዞረ።

"ጋሼ፣ ተው" አለ። ድምፁ በማይክራፎኑ ገብቶ ሁሉም ሰማው።

"እኔ ልጀምርለት" አለ ገመዳ።

ጀመረ፤ ጨረሰም። ጠባቂውን፣ መንገዱን፣ የታመመችውን እናት፣ ገደሉን አንድ በአንድ ተናገረ። አባ ወልደ ኢየሱስ ይህን ሁሉ አውቀው መኖራቸውንም አላስቀረም። የልጅቷን ስም ሲጠራ ድምፁ ተሰበረ፤ የምሩን ይሁን ሆን ብሎ እሱም አላወቀውም። አዳራሹ ተነሣ። ሃሌ ሉያ የሚል አለ፣ የሚያለቅስ አለ። የማያውቃቸው ሰዎች እንድርያስን እየተሻሙ አቀፉት፤ ልጁ እጁን እንዳንጠለጠለ ከአንዱ ደረት ወደ ሌላው ይተላለፋል። ብዙነሽ በደህናው እጇ ሳህኑን ከጭኗ አንሥታ መሬት ላይ አስቀመጠች። ተነሥታ ወጣች። ሌሎቹ ሴቶች ተከተሏት። ደብሪቱ ጭብጨባው እስኪያልቅ በባዶው ረድፍ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር።

እንድርያስ በዚያው ደረጃውን ወርዶ ሄደ። ቤቱም አልገባ፣ ድንጋይ ሥራውም አልተመለሰ።

ቦታው ለገመዳ ተሰጠ። መስኮቷ ወደ መንገድ የምታይ ክፍልና ስሙ የታተመበት ካርድ አገኘ። የእህቱ ባል ካርዱን እያገላበጠ አይቶ፣ ከእንግዲህ ጣውላ አንሣ ብዬ አላዝህም አለው። የዚያን ቀን የተነሣው ፎቶግራፍ፣ እንድርያስ በሰዎች መሀል ታቅፎ፣ ትልቅ ተደርጎ በፎቁ መግቢያ ተሰቀለ።

ከፋሲካ በኋላ ደብሪቱ መጣች። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ፀሐይ ላይ አቁሟት ቆይቶ አስገባት። ከፎቶግራፉ ሥር ነው ያለፈችው። ክፍሉ ስትገባ ገመዳ ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም።

የሰፈሩ ሴቶች የኪዳነ ምሕረት ማኅበር አላቸው፤ በወር በወሩ በአሥራ ስድስት ቀን ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል። ሚያዝያ የእሷ ተራ ነበር። ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ደፍታ፣ ቤቷን ለቅልቃ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ጽዋው ቤቷን ዘሎ ብዙነሽ ቤት ገባ። አባ ወልደ ኢየሱስ ቢለምኑ፣ እርስዎም ያውቁ ኖሯል ተብለው ተመለሱ። ቅጠል ለመልቀም ስትወጣ ሴቶቹ መንገዳቸውን አይነግሯትም። ብቻዋን እየወጣች ብቻዋን ትወርዳለች። ይህን ሁሉ እንደ ተራ ወሬ ነገረችው። እርስዎ ማለቷን ትታ ነበር።

"እንጦጦ ውጣና ውሸት ነው በላቸው" አለችው።

ገመዳ አልገባውም።

"ለምረቃዬ ብዬ የፈጠርኩት ነው በል። አንተ የተማርክ ነህ፣ ያምኑሃል።"

"እማማ ደብሪቱ፣ እውነት ነው እኮ።"

"እውነት መሆኑንማ ካንተ በፊት አውቃለሁ።"

ገመዳ ቀና ብሎ አያት። የልጅቷ ለቅሶ ላይ፣ አለች፣ ያ ጠባቂ መጥቶ ድንኳን ተቀመጠ። ሲወጣ ልጄን በስሙ ጠርቶ፣ እንድርያስ አይዞህ አለው። ጠባቂ የሰፈራችንን ልጅ በስሙ አያውቅም። ያን ጊዜ ገባኝ።

"አንዷን ቀበርኩ። አንዱን ደግሞ ዝም ብዬ አኖርኩት" አለች። "ውሸት ነው ካልክ ወሬው ይደርሰዋል። ሞያሌ በሚሄድ መኪና ላይ ሲሳፈር ያየው አለ። ሰምቶ ይመጣል።"

ገመዳ መስኮቱን አየ። እንጦጦ ወጥቶ ለመመለስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ንግግሩም አጭር ነው። ነገር ግን እንጦጦ የተባለው ጉርድ ሾላ ይሰማል። ኤልቃና ፎቶግራፉን ለረጂዎች ልኳል። ገመዳ ውሸት ነው ካለ ካርዱም ክፍሉም ውሸት ይሆናል፤ በቦታው ደግሞ መሠረት ዛሬውኑ ትጠራለች። የጣውላው ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገባ።

"እጸልይበታለሁ" አላት።

"ጸሎትህን አልለመንኩም" አለች ደብሪቱ።

ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ገመዳ እስከ ደረጃው ሸኛት። ስትወርድ አይቶ ዘበኛውን ጠራና፣ ይህች ሴት ከእንግዲህ ያለ ቀጠሮ እንዳትገባ አለው።

አዲሶቹ ሰልጣኞች ክፍል ውስጥ እየጠበቁት ነበር። የዕለቱ ትምህርት፣ ከለውጥ በኋላ ከቤተሰብ ስለሚመጣ ተቃውሞ ነበር። ገመዳ ምሳሌ ሰጣቸው። አንዲት እናት አለች፣ አለ፤ እውነቱን እያወቀች ለዓመታት የደበቀች፣ አሁንም ልጇ ወደ ጨለማው እንዲመለስላት የምትለምን። ስሟን አልጠራም። ድምፁ የረጋ ነበር፤ ሰልጣኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። ከኋላ የተቀመጠች ሰርክ የምትባል ልጅ እጇን አወጣች።

"ልጁ ግን ተመለሰ?" አለች።

"ሂደት ላይ ነው" አለ ገመዳ።

ሰርክ ይህንንም ጻፈች።