ከአልጋው ስር የሚተነፍሰው

ሰው ከቤቱ ሲወጣ የሚተወው፣ ሲመለስ የሚይዘው ምን ዓይነት ማዞር ነው? ዶክተር ዕዝራ ጥያቄውን ከትናንት ወዲህ ይዞት ቢዞርም መልስ አላገኘለትም።

አዴ ፋጡ የሚባሉት አሮጊት ከበቆጂ ወዲያ ካለ የገበሬ መንደር አሰላ ሆስፒታል ድረስ ለሕክምና ሲመጡ ይህ ሁለተኛቸው ነው። የመጀመሪያው ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ ድነው ሄዱ። ቤታቸው አራት ሌሊት አድረው በሰው ሸክም ተመለሱ። አሁንም ሁለት ቀን ሳይሞላቸው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ከጎናቸው ከተኛችው ሴት ጋር በኦሮምኛ ይቀልዳሉ። ደማቸው ደህና፣ ስኳራቸው ደህና፣ ግፊታቸው ደህና።

ዕዝራ ተወልዶ ያደገው እዚሁ አሰላ ቢሆንም ሕክምናን የተማረው ሃንጋሪ ነው። እዚያ እንዳሳዩት፣ የሴትዮዋን ጭንቅላት ወደ ጎን አዙሮ በፍጥነት አጋደማቸውና ዓይናቸውን አየ። ችግሩ ከውስጥ ጆሮ ቢሆን ዓይናቸው መርገብገብ ነበረበት። አልተርገበገበም። ረግቶ እሱኑ ያየው ጀመር።

«ሲጀምርዎት እንዴት ነው፣ አዴ?»

«መጀመሪያ ይሸተኛል። ነጭ ሽንኩርት፣ የከረመ ዓሣ። ከዚያ ከአልጋዬ ስር ይተነፍሳል።»

«ማን?»

«ቱሳ ነዋ፣ ባሌ! ከሞተ አሥራ ሁለት ቀኑ። እሱም እንዲሁ ሲያዞረው ሰንብቶ ነው የሄደው። ድመቷም ተከተለችው። አይጦቹ እንኳ ተጋድመው ነው የሚያድሩት። ብቻውን መሆን ድሮም አይወድም።»

«ዶክተር፣ ለባል የሚሆን ክኒን አለህ?» አለች ሲስተር ተናኘወርቅ ከበሩ። ክፍሉ ሳቀ፤ ከሁሉም አብልጠው የሳቁት አዴ ፋጡ ነበሩ። ዕዝራ ግን ሳቁን አልጨረሰውም።

«ከሰል ታነዳላችሁ?»

«ምድጃው ውጭ ነው።»

«የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ሌላ ምን አለ?»

አዴ ፋጡ ልጃቸውን ፈይሩዛን አዩ። ፈይሩዛ ወለሉን አየች።

«ምንም የለም» አለች። «አልጋ ብቻ ነው።»

በማግስቱ ኮሪደር ላይ አልጋ የሚጠብቁ ሦስት በሽተኞች ነበሩ። ዕዝራ ሳያምንበት «የውስጥ ጆሮ ሕመም» ብሎ ጽፎ አዴ ፋጡን አሰናበታቸው።

«ዛሬ ብቻዋን አትተኛም» አለች ፈይሩዛ ጓዛቸውን እየሸከፈች። «ልጆቼን ይዤ አብሬያት አድራለሁ። አባቴም ከመጣ ሁላችንንም ባንድ ላይ ያገኘናል።»

አዴ ፋጡ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር እጁ ውስጥ ወሸቁለት። «ለእናትህ። እምቢ እንዳትለኝ።» የበቆጂው ሚኒባስ ይዟቸው ሄደ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጭጋግ መስኮቱን ሸፈነው። ተረኛው ዕዝራ ብቻውን ቋጠሮውን ፈታ። ስንዴ ነው። ጨርቁ ገና ከመከፈቱ ሽታው ፊቱን መታው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ የከረመ ዓሣ። የሞተ ሰው ከአሥራ ሦስት ቀን በኋላ እጁ ላይ የተነፈሰበት መሰለው። ከስንዴው መሃል ግራጫ ዱቄት ነበር።

ተናኘወርቅ ገብታ ጎንበስ ብላ አሸተተችና ወደኋላ አለች። «ኧረ አርቀው! የነቀዝ ክኒን ነው። ጆንያ ውስጥ ይጨምሩታል፤ ጋዙ ነቀዙን ይፈጃል። አብሮት የሚያድር ሰውም አይተርፍም።»

«ስጠይቃቸው እኮ ምንም የለም ነው ያሉኝ።»

«ሊነግሩህ ኖሯል? ስንት ኩንታል እንዳለው ለባዳ የሚናገር ገበሬ የት አየህ? ዓይን ይገባበታል፣ ሌባ ይሰማል። አልጋ ስር ሸሽገው ምንም የለም ይሉሃል። አገርህ አይደለም እንዴ!»

ዕዝራ ፈይሩዛ ጋ ደወለ። መስመሩ አይገኝም። ደገመ፣ ሠለሰ። ለቀበሌው ጤና ኬላ ደወለ፤ የሚያነሳ የለም። ተናኘወርቅ መኪና ልትለምን ሮጠች። እሱ መልእክት ጻፈ፦

«ፈይሩዛ፣ ዶክተር ዕዝራ ነኝ። አባትሽ አይደለም። አልጋው ስር ያለው እህል ነው፤ የነቀዝ ክኒኑ ጋዝ ነው የሚያዞራችሁ። ልጆቹንም እናትሽንም ይዘሽ አሁኑኑ ከቤት ውጡ። እህል እንዳላችሁ ለማንም አልናገርም። እንደወጣችሁ አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ።»

ላከው። መልእክቱ ደረሰ የሚለው ምልክት መጣ። ፈይሩዛ ግን እስኪነጋም አልጻፈችም።