የስቶይል መርዶ

በሶፊያ ከተማ ሰው ሲሞት ፎቶው ያለበት ወረቀት ዛፍ ላይ ይለጠፋል፤ ጎረቤት መርዶውን የሚሰማው ከዚያ ነው። ለሙት ዓመትም እንዲሁ ይለጠፋል። ቬሊካ የምትኖረው አልጋ ሲዘረጋ በሩ በማይከፈት ክፍል ነው። ለቀስተኛ መቀበያ ስለሌላት፣ ባሏ ስቶይል ሲያርፍ ጠባቦቹ ቤቶች በከበቡት የጋራ አትክልት ቦታ ውስጥ፣ ዛፉ ላይ ወረቀቱን ለጠፈች። ንፍሮውንም እዚያው ጥላ ሥር ልታድል ቀቀለች።

ቀብሩ ላይ ግን ከቄሱና ከእሷ በቀር ማንም አልቆመም።

ስትመለስ አትክልቱን የሚጠብቀው ጎረቤቷ ክሩም በጎማ ውሃ ያጠጣ ነበር።

«እትዬ ቬሊካ፣ ያ ሰነፍ ስቶይል ዛሬም ተኝቷል?»

«ቀብሬው መምጣቴ ነው። ወረቀቱን አላየኸውም?»

ክሩም ጎማውን ጣለው። «የማን እንደሆነ እንኳ አላነበብኩም… የሙት ዓመት መስሎኝ፣ ሙጫው ዛፉን ይጎዳል ብዬ ቀደድኩት። አፈር ልብላ፣ እትዬ!»

እሷ የንፍሮውን ድስት አውጥታ ዘረጋችለት። «ነፍስ ይማር» ብሎ እፍኝ ዘገነ። ድስቱ ሙሉ ነበር።

ቬሊካ ወደ መስኮቶቹ ቀና ብላ፣ «ሰዎች፣ ስቶይል ሞቷል!» ብላ ጮኸች።

አንድ መስኮት ተከፈተ፤ እሱም መልሶ ተዘጋ።