በጠባብ ኩርባ ላይ

ቬርሊን በጓሮው አትክልት መሃል ለሚያስኬደው የመጀመሪያው የመጫወቻ ባቡር ሐዲድ ሲመርጥ፣ የመጫወቻ ባቡር አፍቃሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ድዋይት ሱቅ ውስጥ አገኘው።

«ወዳጄ፣ ትልቁን ዓይነት ባቡር ስለገዛህ ሰፊ ኩርባ ያለውን ሐዲድ ውሰድ። በጠባቡ አይዞርልህም።»

አምና በማኅበሩ ሽርሽር ላይ የቬርሊንን ስም የረሳው ይኸው ሰው ነው፤ ዛሬም «ወዳጄ» ይላል! ቬርሊን በእልህ ጠባቡን ገዛ።

ማኅበርተኞቹ ሊጎበኙት በሚመጡበት ቅዳሜ ጠዋት ቢሞክረው፣ ባቡሩ ገና በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ተገለበጠ። ቢያነሳው ደግሞ ተገለበጠ። እንግዶቹ ሲደርሱ ቀጥ ባለው ሐዲድ ላይ አቁሞት ነበር።

«ምነው አይሄድም?» አለ ድዋይት።

«ተሳፋሪ እየጠበቀ ነው» አለ ቬርሊን።

«ወይ ጉድ! ልክ እንደ ከተማችን እውነተኛ ባቡር ይዘገያል! እኛ እንኳ ይህን አላሰብነውም» አለ ድዋይት።

ሁሉም አጨበጨቡለት። ቬርሊን ደረቱን ነፋ አደረገ።

ድዋይት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እንግዲህ ሲነሳ ሳናይማ አንሄድም።»