ባልዴራን የበላው ሰው

ባልዴራ ኳስ መምታት ያቆመው እኔ ክንዱን ከያዝኩ ወዲህ ነው። መጀመሪያ አፍ አውጥቶ ያለው ፈሪድ ነው። እኔ ግን ከሱ በፊት በሆዴ ብዬዋለሁ።

ለማያውቅ ሰው፣ ዶሚንጎ ባልዴራ የዴንቨር ቤዝቦል ቡድን መቺ ነው። ከቡድን ቡድን ሲጣል ኖሮ እዚህ መጣና፣ አምና ኳሷን ከአጥር ውጭ እየላከ ሰዉን በአንድ እግሩ አስቆመው። እኔ ጨዋታውን አልወደውም ነበር። ሰው ቆሞ እየተፋ የሚውልበት ነገር ምኑ ጨዋታ ነው እል ነበር። አንድ ቀን ኤርፖርት ዊልቸር ይዤ መንገደኛ ስጠብቅ፣ ከቡና መሸጫው ቴሌቪዥን አንድ ድምፅ ሰማሁ። ዱላው ኳሷን ሲያገኛት ነው። አባቴ ምናለሽ ተራ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ብረቱ በደንብ ሲግል መዶሻው የሚያወጣውን ድምፅ ከሺህ ድምፅ እለየዋለሁ። እሱ ነው። ቀና ስል ባልዴራ ነው፤ ሌሎቹ እንደሚያደርጉት ዱላውን አልወረወረም። ጎንበስ አለና እንደ ተኛ ልጅ ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ የሱ ሰው ሆንኩ።

በአባቴ ሙያ የተባልኩትን አልረሳም። የቀጥቃጭ ልጅ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይሉ ነበር። እኔ ሳልፍ ጎረቤቶቻችን ሕፃን ይሸፍናሉ። ሽማግሌ ልኬ የነበረባት ልጅ ቤተሰቦች “እናስብበት” ብለው እስከ ዛሬ እያሰቡ ነው። ምክንያቱን ፊት ለፊት የነገረኝ የለም፤ ግን ሰው ሲሸሽህ ታውቀዋለህ። ዴንቨር ጎን ኦሮራ መጥቼ ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ ቤት ስከራይ ያንን ስም ባሕር ማዶ የጣልኩት መስሎኝ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ የሰፈሬ ልጅ ፈሪድ እዚሁ ኤርፖርት ዊልቸር ሲገፋ አገኘሁት።

የዘንድሮው ጨዋታ ሊጀመር ሲል አንዲት አሮጊት ከአውሮፕላን እንዳወጣ ታዘዝኩ። ገፍቼ ሻንጣ መቀበያው ጋ ስደርስ ባልዴራ ራሱ ጃኬቱን ለብሶ ቆሟል። ለካ እናቱ ናቸው። ጎንበስ ብሎ ሳማቸውና ወደኔ ዞረ።

“ስምህ ማነው?” አለኝ።

ስንቱን ሰው ገፍቻለሁ። በአናቴ ላይ በስልክ ያወራሉ፤ ወንበሩ ብቻውን የሚሄድ ነው የሚመስላቸው። ያገሬ ሰዎች እንኳ እንዳላወቁኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። እሱ ስሜን ጠየቀ። “ጠልሀ” አልኩት። “ታልሃ” አለ፣ እንዳይረሳው ይመስል ደገመው። ደስታው ናላዬን አዞረው። ግራ ክንዱን በሁለት እጄ ያዝኩና፣ “ወላሂ እንዲህ ያለ ክንድ አይቼ አላውቅም!” አልኩት።

ማሻአላህ አላልኩም።

እናቴ “ሳትመርቅ አታድንቅ” እያለች ነው ያሳደገችኝ። የሰው ጫማ እንኳ ሳደንቅ ማሻአላህ ሳልል አላልፍም። ያን ቀን ረሳሁት።

ከዚያ በኋላ ባልዴራ ጠፋ። ዱላውን ይወዘውዛል፣ ይስታል። አንድ ኳስ እንኳ ከአጥር አላወጣም። በሬዲዮ ይሰድቡታል፤ ቡድኑ ከጨዋታ አውጥቶ ወንበር ላይ ሊያስቀምጠው ነው ይባላል። ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ደግሞ ፈሪድ አለ።

“ጠልሀ፣ ትናንትም ሳተ እኮ።”

“አይቻለሁ።”

“እሱማ ነው ችግሩ፣ ማየትህ!” ቤቱ በሳቅ ሞላ። “ሰውዬውን በላኸው። ያንን የሚያህል ጎረምሳ ብቻህን! ለወንድሞችህ ትንሽ አይተርፍም?”

“አፍህን ሰብስብ።”

“እሺ ጌታው፣ ብቻ እኔን አትየኝ። ልጆች አሉኝ።” ይህን ብሎ የምሳ ሳህኑን ከደነ። ሳቁ።

እኔ ምን ልሳቅ። በዚያው ሰሞን ሎውሪ የምትኖረው ልጄ ሂዳያ ወልዳለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ናት፤ ፊቷን ግን አላየሁም። እሄዳለሁ፣ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፣ ምንጣፉን እያየሁ ሻይ ጠጥቼ እወጣለሁ። ዱላ የሚያነሳ ጎረምሳ በዓይኔ ከወደቀ ጭብጥ የማትሞላ ልጅ ምን ትሆናለች?

“አባዬ፣ ጀስት ሉክ አት ኸር” አለችኝ ሂዳያ ልጅቱን እያቀረበች።

“ጉንፋን ይዞኛል፤ እንዳይዛት።”

“ኦልዌይስ ጉንፋን?”

“አለርጂ ነው።”

“ሴት ስለሆነች ነው? ንገረኝ። ተቀይመኸኛል?”

“አስተግፊሩላህ! ምን ማለትሽ ነው?” ብዬ ጫማዬን አጠለቅኩ። በመስኮት ቆማ እንደምታየኝ አውቄያለሁ፤ እኔ ግን አልዞርኩም።

ከዚያ ከራሴ ጋር ተዋዋልኩ። ባልዴራ አንድ፣ አንድ ብቻ ከአጥር ካወጣ ዓይኔ ንጹሕ ነው፣ ልጅቱን አቅፋለሁ። ግን እንዴት ልጠብቀው? ካየሁት አበላሸዋለሁ ብዬ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ መቆም ጀመርኩ። ያንን ድምፅ ብቻ እጠብቃለሁ። የምሰማው ግን የሕዝቡን “ኦኦህ” ነው። እንቅልፍ አጣሁ፣ ምግብ አልበላ አለኝ። ዓይኔ እኔንም እንዳይበላ ብዬ መስታወት እንኳ ሳላይ መላጨት ጀምሬ አገጬን ቆረጥኩ።

አንድ ጠዋት እናቱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እንድገፋ የተመደብኩት እኔ ሆንኩ። ባያውቁኝ ብዬ ከኋላቸው አጎነበስኩ።

“ታልሃ” አሉ ዘወር ብለው። እንደ ልጃቸው አልረሱኝም።

ወደ አውሮፕላኖቹ በሚወስደው ባቡር ውስጥ ገባን። የሳቸውም እንግሊዝኛ እንደኔው የተሰባበረ ነው፤ ምናልባት ለዚያ ይሆናል የደፈርኩት። “ይቅር ይበሉኝ፣ ልጅዎን የጎዳሁት እኔ ነኝ” አልኳቸው። የአባቴን ሙያ፣ ቡዳ መባሌን፣ የረሳሁትን ምርቃት ሁሉንም ዘከዘኩት። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ፊታቸው ጠቆረ።

“ስታደንቀው እግዚአብሔር ይባርከው አላልክም?”

“አላልኩም።”

“እኛም አገር ያደነቀ ሰው መመረቅ አለበት። አለዚያ ዓይን ነው።” አሁን ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። “የቱ ነበር ክንዱ?” አሉኝ።

“ግራው።”

ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ባቡሩ ሲቆም ሰው እስኪወርድ ጠበቁና እጄን ስበው ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጉ። “የታመመው ቀኙ ነው። ቤት እያለ፣ ገና እኔ ሳልመጣ ነው የእጁ አንጓ የተጎዳው። ያን ቀን ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ነበር?”

ትዝ አለኝ። እናቱን ያቀፈው በአንድ እጁ ነው። ያንን ትልቅ ሻንጣ ያነሳው በግራው ነው። እኔ ክንድ ሳደንቅ እሱ ክንድ ይደብቅ ነበር።

“ለማንም እንዳትናገር” አሉ፤ ጥፍራቸው መዳፌ ውስጥ ገባ። “ካወቁ ያስቀምጡታል። ካስቀመጡት እንደገና ይጥሉታል። ከዚህ በኋላ የሚወስደው የለም። እስኪሻለው ነው የሚታገለው።”

“በአላህ ይሁንብኝ።”

“አሁን መርቀው። ቢዘገይም ምርቃት ምርቃት ነው።”

“ማሻአላህ” አልኩ። “አላህ ይጠብቀው።”

“አሜን” አሉና እጄን ለቀቁኝ።

ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ሎውሪ ሄድኩ። ሂዳያ ከፈተችልኝና ወደ ጎን ቆመች።

“ጉንፋኑስ?” አለች፣ ኩርፊያዋ ሳይለቃት።

“ለቀቀኝ። የት አለች?”

አመጣቻት። አየኋት። ግንባሯ የአባቴ ነው፤ ያ ሰፊ፣ እሳት የሚያበራው ግንባር። ዓይኗን ገልጣ ትክ ብላ አየችኝ፤ እሷም አልፈራችኝም። “ማሻአላህ፣ ማሻአላህ” ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም።

“አባዬ፣ አር ዩ ክራይንግ?”

“አለርጂ ነው አልኩሽ እኮ።”

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ጨዋታ ነበር። ማረፊያ ክፍሉ ስገባ ባልዴራ ዱላውን ይዞ ወደ ሜዳ እየወጣ ነው።

“ኧረ ጠልሀን ወደ ግድግዳው አዙሩት!” አለ ፈሪድ። “ሰውዬው አጥንቱ ብቻ ነው የቀረው!”

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። እኔን ሳያገኘኝ በፊት የታመመ ሰው ነው፣ አንጓው ነው፣ ብል ያ ስም ሁሉ ባንድ አፍታ ይወድቃል። ከምናለሽ ተራ ጀምሮ የተሸከምኩት። ግን የኛን ሰው አፍ አውቀዋለሁ። እዚህ የተወራ ነገር እኔ ኮልፋክስ ሳልደርስ ታክሲ ማቆሚያው ይደርሳል፤ ከታክሲው ተሳፋሪ፣ ከተሳፋሪው ሬዲዮ። እና ያ ሰው ስሜን ጠይቋል።

“ምነው ዝም አልክ? አልጠገብክም እንዴ?” አለ ፈሪድ።

“አልጠገብኩም” አልኩት። “ምሳህን ክደን።”

ሳቁ። ይሳቁ። ወንበር ስቤ በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥኩ። ባልዴራ ጓንቱን እያጠበቀ የቀኝ አንጓውን ቀስ ብሎ አዟዟረው። ለሌላው ሰው ልማድ ነው የሚመስለው። የመጀመሪያዋ ኳስ መጣች፤ ወዘወዘ፣ ሳተ። ሕዝቡ “ኦኦህ” አለ። እሱ ግን ፊቱን አላጨማደደም፤ ያመመው እኔን ነው።

በከንፈሬ ማሻአላህ አልኩ። የራሴን ቀኝ አንጓ ጨብጬ ሁለተኛዋን ጠበቅኩ።